የቴአትር ጥበባት ትምህርት ልጀምር ነው፤ ጥሪ እስኪወጣ ያለውን ክረምት በምን ላሳልፈው?

የደብረ ማርቆስ ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርቶች አጠናቅቄ፣ በመጀመሪያ ምርጫዬ መሠረት ቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ደርሶኛል። የምደባውን ዝርዝር ካየሁበት ቀን ጀምሮ ደስታዬ አልቀነሰም። አሁን ደብረ ማርቆስ ከወላጆቼ ጋር ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲው የነባር ተማሪዎችን ጥሪ እስኪያወጣ ድረስ ያሉትን ሳምንታት የዕረፍት ጊዜ ብቻ አድርጌ ሳይሆን የትምህርቱ መጀመሪያ አድርጌ ልቆጥራቸው እፈልጋለሁ።

ያለፈው ዓመት በሎጂክ፣ በሥነ ልቦና፣ በአንትሮፖሎጂ፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ አልፏል። ትምህርቶቹን አልንቃቸውም፤ በተለይ ሥነ ልቦናው ወደፊት ገፀ ባሕርይ ስመረምር እንደሚጠቅመኝ ይሰማኛል። ነገር ግን ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ በባህል ማዕከሉ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከውስጥ የልምምድ ድምፅ ከሰማሁ እግሬ አይንቀሳቀስልኝም ነበር። ዘንድሮ እኔም ከእነዚያ ድምፆች አንዷ እሆናለሁ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ልምዴ ትንሽ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሥነ ጽሑፍ ክበብና በሚኒ ሚዲያ ተሳትፌአለሁ፤ በወላጆች ቀን በሚቀርቡ አጫጭር ተውኔቶች ላይም ተጫውቻለሁ። በቴአትር ቤት መድረክ ላይ ግን ቆሜ አላውቅም። በዚህ የውይይት ገጽ ብዙ ባለሙያዎች እንዳሉ ስለማውቅ፣ ያለ አስተማሪና ያለ አዳራሽ በቤቴ ሆኜ ምን መለማመድ እንደምችልና ምን ባነብ እንደሚሻል ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። አንድ የሚያሳስበኝ ጉዳይም አለ። አነጋገሬ የጎጃም ነው፤ በዶርም ውስጥ አንዳንድ ቃላት ስናገር ጓደኞቼ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ሆኖም መድረክ ላይ ስቆም ይህን አነጋገር መተው ይኖርብኝ ይሆን?

አራተኛ ዓመት

እንኳን ደስ አለሽ እኅቴ። እኔ በዚሁ ዘርፍ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴን የምጀምር ነኝ፤ ጥያቄሽን ሳነብ የገባሁበት ዓመት ትዝ አለኝ።

የሚጠብቁሽ ትምህርቶች ትወና፣ ዝግጅት፣ የተውኔት አጻጻፍ፣ የመድረክ ንድፍና የቴአትር ታሪክ በየዓመቱ እየተከፋፈሉ የሚመጡ ናቸው። ብዙ አዲስ ተማሪ የሚገባው ለትወናው ብቻ ልቡን ሰጥቶ ስለሆነ፣ የታሪክና የንድፈ ሐሳብ ትምህርቶችን ለፈተና ሰሞን ብቻ ያነባቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ እንዳለበት አስታውሺ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥተሽ የንድፈ ሐሳቡን ማስታወሻ በሥርዓት ያዢ። ልምምድ ብዙ ጊዜ ከክፍል ሰዓት ውጭ፣ ወደ ማታ፣ አንዳንዴም ቅዳሜና እሑድ ይሆናል። ጊዜሽን ከአሁኑ ማስተካከል ካልለመድሽ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ስለ ቃለ ተውኔት ጥናት አንድ ነገር ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ እንደ ግጥም የምታጠኚው ቃል መድረክ ላይ ቆመሽ መንቀሳቀስ ስትጀምሪ ይጠፋል። አዘጋጁ እንቅስቃሴውን ካስቀመጠ በኋላ ግን «ይህን የምለው ወደ በሩ ስሄድ ነው፣ ይህን የምለው ስቀመጥ ነው» እያልሽ ስታጠኚ ቃሉ ከእግርሽ ጋር ይታሰራል። የራስሽን ክፍል ብቻም አታጥኚ፤ ከአንቺ በፊት የሚናገረውን ተዋናይ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ማወቅ የራስሽን ያህል ያስፈልግሻል። እሱ ቢረሳ መንገዱን የምታሳዪው አንቺ ነሽ፤ አንቺም ብትረሺ እሱ ያደርግልሻል።

ለልምምድ የሚሆን ሰፋ ያለ ሱሪና የማያንሸራትት ጫማ ይዘሽ ነይ። ወለል ላይ የምንተኛበት፣ የምንንከባለልበት ቀን ብዙ ነው።

የኋላ መድረክ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ተዋናይ አይደለሁም፤ ሥራዬን የጀመርኩት መብራት በማንቀሳቀስ ነው፣ በኋላም መድረክ አስተዳዳሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ተዋንያንን ከጎን ሆኜ በማየት ስለሆነ፣ ከፊት የተቀመጠ ተመልካች የማያየውን አይቻለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰምቻለሁ። የምነግርሽም ስለ መስማት ነው።

በአማርኛ ግሡ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። «ወንድምሽን ትናንት ማታ ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር…» ብሎ ተዋናዩ ቢያቆም፣ ተመልካቹ ወንድምየው ተገኘ፣ ቆሰለ ወይስ ሞተ አያውቅም። የመጨረሻዋ ቃል ናት የምትነግረው። «አልሄደም» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ካልተሰማች ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው መሄዱን ይሁን አለመሄዱን ይጠራጠራል። አዲስ ተዋንያን ግን በሙሉ ትንፋሽ ዐረፍተ ነገሩን ይጀምሩና መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ትንፋሹ አልቆ ድምፃቸው ወደ መሬት ይወርዳል። ፊት የተቀመጠው ይሰማል፤ ከኋላ ያለው ግን ስሞችንና ቦታዎችን ብቻ ሰምቶ ድርጊቱን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ጊዜ ከበስተኋላ ሰው «ምን አለ?» እያለ የሚጠያየቀው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ትንፋሽሽን እስከ ግሡ ድረስ ማድረስን ተለማመጂ። ለዚህ አዳራሽ አያስፈልግም። ጋዜጣም ሆነ ታሪክ ነክ መጽሐፍ ውሰጂ፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር ምረጪ፤ ትከሻሽን ሳታነሺ ከሆድሽ በላይ፣ ጎድንሽን ወደ ጎን እያሰፋሽ አየር ሳቢና እስከ መጨረሻው ፊደል እኩል ድምፅ ይዘሽ ጨርሺ። ታናናሾች ካሉሽ ደግሞ ከግቢው ማዶ አቁሚያቸውና የመጨረሻውን ቃል ይንገሩሽ። ጩኸት ግን አይደለም የምልሽ፤ የሚጮኽ ተዋናይ ጉሮሮው ይታመማል፣ ቃሉም አይለይም።

ሁለተኛው ነገር መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «ይበላል» የሚለውን አንዱ ሰው ይመገባል ማለት ነው ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ምግቡ የሚበላ ነው ብሎ ያነበዋል፤ «ገና»ም እንዲሁ በዓሉ ወይም ጊዜው ገና መሆኑ ሊሆን ይችላል። ስክሪፕት ሲሰጥሽ አሻሚ ቃላትን በእርሳስ ምልክት አድርጊባቸውና ከአዘጋጁ ጋር ተነጋገሪ። በጠረጴዛ ንባብ፣ ማለትም ተዋንያን ተቀምጠው ስክሪፕቱን አብረው በሚያነቡበት ጊዜ፣ ያልተፈታ ቃል በመክፈቻው ቀን ሲያደናቅፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ጥሪ ወጥቶ አዲስ አበባ ስትደርሺ የምታደርጊው ነው። የሀገራችን ቴአትር ቤቶች አንድን ተውኔት ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያሳያሉ። ለተማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ያው ተውኔት፣ ያው ተዋንያን፣ ተመልካቹ ግን ሌላ ነው። ሀገር ፍቅርም ሆነ ብሔራዊ ቴአትር ገብተሽ አንድ ተውኔት ዛሬ ከፊት ሆነሽ ተመልከቺው፤ በሌላ ሳምንት ተመልሰሽ ከመጨረሻው ወንበር ተመልከቺው። ያለፈው ሳምንት ተመልካች የሳቀበት ቦታ ላይ የዛሬው ዝም ሲል ተዋናዩ ምን እንደሚያደርግ እዪ። ሳቅ እስኪያልቅ ጠብቆ ይናገራል ወይስ ሳቁ መሐል ቃሉን ይቀብረዋል? ይህን በመጽሐፍ አታገኚውም።

ስለ ጎጃም አነጋገርሽ ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ በበኩሌ ድምፅሽን ለማንም ብለሽ አታጥፊ እላለሁ።

ካሜራ ፊት

የኋላ መድረክ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ስለ ትንፋሽና ስለ ግሥ ያሉት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከእኅታችን ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ሌላ ገጽታ ስላለ ልጨምር። እኔ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ላይ የተዋንያን መልማይ ሆኜ እሠራለሁ። ከቴአትር ትምህርት ወጥተው የሚመጡ ወጣቶች ካሜራ ፊት ሲቆሙ ብዙዎቹ ለመጨረሻው ወንበር ነው የሚናገሩት። ማይክሮፎኑ ደረታቸው ላይ፣ ካሜራው ፊታቸው ላይ ሆኖ ሳለ ቅንድባቸው፣ እጃቸውና ድምፃቸው ሦስት እጥፍ ይተልቃሉ። የዛሬ ተማሪ አብዛኛውን እንጀራውን የሚያገኘው ከቴሌቪዥን፣ ከፊልምና ከዩቲዩብ ድራማዎች መሆኑን ካመንን፣ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ስልኩን ፊቱ አቁሞ በትንሹ መናገርንም መለማመድ አለበት።

የኋላ መድረክ

ወንድሜ፣ ያሉት ትክክል ነው፤ ተዋናይ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ላይ እለያለሁ። በትልቁ መናገር የቻለ ሰው ማሳነስን በሳምንታት ይማራል፤ በማይክሮፎን ብቻ ያደገ ድምፅ ግን ባዶ አዳራሽ ለመሙላት ዓመታት ይፈጅበታል፣ አንዳንዱም እስከ መጨረሻው አይችልም። መብራት ሲጠፋና ማይክሮፎን ሲቋረጥ ተውኔቱን እስከ መጨረሻ ያደረሱ ተዋንያን አይቻለሁ፤ ሁሉም በመድረክ ድምፅ የሠለጠኑ ነበሩ።

ካሜራ ፊት

በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ። የምለው፣ በክረምት ቤቷ ላለች ልጅ ስልኳ ያለ ክፍያ የሚያስተምራት መስተዋት መሆኑን እንዳትረሳው ነው። አንድ ገጽ ንግግር ቀርጻ፣ ድምፁን አጥፍታ ፊቷን ብቻ ትመልከት፤ ከዚያ ምስሉን ሸፍና ድምፁን ብቻ ትስማ። የትኛው ይዋሻል? መልሱን ራሷ ታገኘዋለች።

የቅኔ ቤት ልጅ

እኅቴ፣ እኔ በልጅነቴ በዚያው በጎጃም ከቅኔ ጉባኤ ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ቴአትር አልተማርኩም፣ ግን የምትፈልጊው ትምህርት በዙሪያሽ እንዳለ ልነግርሽ እፈልጋለሁ። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ በልቡ ያዘጋጀውን በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይዘርፋል፤ ወረቀት የለም፣ አስታዋሽ የለም፣ መምህሩ በአንዲት ቃል ላይ ካቆመው ያርማል። ይህ በቃል መያዝን፣ ድፍረትንና በሰው ፊት መታረምን በአንድ ላይ ያስተምራል።

ዛሬ ነሐሴ ነው። ቡሄ ሲደርስ ልጆች በየደጁ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ አውራጁ እንዴት የባለቤቱን ስም፣ የቤቱን ሁኔታ፣ የቀኑን ዝናብ ወዲያው በግጥሙ ውስጥ እንደሚያስገባ፣ ተቀባዮቹም እንዴት ምታቸውን እንደማይለቁ ተመልከቺ። መስከረም ሲጠባ «አበባየሆሽ»ን የሚጨፍሩትን እኅቶችሽን እያቸው፤ አንቺም እንደ ጨፈርሽ አልጠራጠርም። በሠርግ የፉከራና የቀረርቶ ባለሙያ ሲነሣ ከመናገሩ በፊት የሚያደርጋትን እርምጃ፣ ዱላውን የሚይዝበትን መንገድ፣ ሰውን ዝም የሚያሰኝበትን ዓይን አስተውዪ። ለቅሶ ቤትም ሙሾ አውራጅ የሟችን ሕይወት በስንኝ ስትቋጥር ትሰሚያለሽ። ይህን ግን በአክብሮት አድርጊው፤ የሰው ኀዘን የማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም፣ ያየሽውንም በጓደኞች መካከል ለማስቂያ አታስመስዪው። በልብሽ ይቀመጥ፤ ጊዜው ሲደርስ በተውኔት ውስጥ በሚገባው ቦታ ይወጣል።

የተማሪ እናት

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጥያቄዬ ከልጅቷ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። ወንድ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዷል፤ እሱም ቴአትር እማራለሁ ይላል። አባቱ በፍጹም አልተስማማም። እኔ ልጄን ልከለክለው አልፈልግም፤ ነገር ግን ተመርቆ በምን እንደሚተዳደር ማወቅ እናትነቴ ያስገድደኛል። በሙያው ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

አራተኛ ዓመት

እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ የኔም ቤተሰብ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ከእኛ በፊት የተመረቁትን ስመለከት በመንግሥት ቴአትር ቤቶች የተቀጠሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ቅጥሩ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ብዙዎቹ በየክልሉና በየዞኑ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በማስታወቂያ ድምፅ፣ በውጭ ድራማዎች ትርጉም ድምፅ ተዋናይነት ይሠራሉ። በዚህ በመጨረሻው በኩል ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ ለድምፅ ተዋንያን ሰፊ በር ከፍቶ ነበር። በጤናና በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ የሚያስተምሩ የሬዲዮ ድራማዎችና የአደባባይ ቴአትሮችም አሉ። አንዳንዶች መምህር ሆነዋል፤ ሌሎች ጽሑፉን ይዘው የፊልም ጸሐፊ ሆነዋል።

ገቢው በአንድ ቦታ የተሰበሰበና በየወሩ የሚጠበቅ ላይሆን ይችላል። ይህን ልጅዎ ከአሁኑ አውቆ፣ ከትወናው ጋር አንድ ሌላ ክህሎት፣ ለምሳሌ ጽሑፍን፣ የድምፅ ቅንብርን ወይም የመድረክ መብራትን ቢይዝ ሳይሠራ የሚያሳልፈው ወቅት ይቀንሳል። የኋላ መድረክ ያሉትን ይመልከቱ፤ መብራት ይዘው የገቡ ሰው ዕድሜያቸውን በሙያው ኖረዋል።

የተማሪ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ይህን ጽሑፍ ለአባቱ አነብለታለሁ።

የደብረ ማርቆስ ልጅ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የግሡ ነገር በጣም ገርሞኛል፤ ዛሬ ጠዋት ከታናሽ ወንድሜ ጋር በግቢያችን ሞከርነው፤ በእርግጥም መጨረሻው ላይ ድምፄ ይወርዳል። ረጅም ዐረፍተ ነገር ከማንበቤ በፊት ግሡ የት እንዳለ በዓይኔ ፈልጌ ሳገኘው ትንፋሼን መቆጠብ እንደሚቀልለኝም ተረድቻለሁ።

ስለ አነጋገሬና ስለ ንባብ ግን አሁንም ብትነግሩኝ እወዳለሁ። እናቴ ደግሞ «ለመድረክ ብለሽ ቋንቋሽን ከቀየርሽ ስትመለሺ በየትኛው ታነጋግሪኛለሽ?» አለችኝ፤ ይህ ንግግሯ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የትወና መምህር

እናትሽ ትልቅ ጥያቄ ጠይቀዋል። እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ትወና አስተምራለሁ፤ በየዓመቱ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ እንዲሁም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ከሆነባቸው አካባቢዎች የሚመጡ ተማሪዎችን እቀበላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም የአዲስ አበባን አነጋገር ለመምሰል ይጥራሉ፤ ያን ጊዜ ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ፊታቸው ይደርቃል፣ ሙሉ ትኩረታቸው ቃሉን በማስተካከል ላይ ስለሚሆን ከአጋራቸው ጋር መነጋገራቸው ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በራሳቸው አነጋገር እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ንዴቱ፣ ልመናው፣ ፍርሃቱ በተወለዱበት አነጋገር ከወጣ በኋላ ሌላውን መጨመር አይከብድም።

ለተዋናይ አነጋገር እንደ አልባሳት ነው፤ ገፀ ባሕርይዋ የምትለብሰውን ታለብሺያታለሽ፣ የራስሽም ልብስ ግን በሣጥንሽ ይቀመጣል። የመዲናዋን አነጋገር መማር ያስፈልግሻል፤ ምክንያቱም የብዙ ተውኔቶች ገፀ ባሕርያት በዚያ ይናገራሉ። የገጠር እናት ወይም የጎጃም ባላገር ሆነሽ ስትጫወቺ ደግሞ ሌሎች ተዋንያን በግምት የሚያስመስሉትን አንቺ ከነምቱ ትናገሪዋለሽ። ብዙ ጊዜ በመድረኮቻችን የገጠር ሰው አነጋገር ለማሳቂያ ብቻ ሲውል አያለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። አነጋገሩን በቤቱ የሚያውቅ ተማሪ ክብሩን ሊመልስለት ይችላል። እንግዲህ ለእናትሽ በተወለድሽበት አነጋገር መመለስሽን እንደማታቆሚ ንገሪያቸው።

ወደ ንባቡ ልምጣ። ከውጭ የግሪክ አሳዛኝ ተውኔቶችን፣ ሼክስፒርንና ኢብሰንን ታገኛለሽ፤ ለትወናው ደግሞ ሩሲያዊውን አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪን ታነቢያለሽ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1898 ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮ ሥነ ጥበብ ቴአትርን ከመሠረተ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያሰላሰለው ጥያቄ፣ ተዋናይ የትናንትናውን ስሜት ዛሬ እንዴት በእውነት ሊደግመው ይችላል የሚለው ነበር። ለመጀመሪያ ዓመትሽ አንድ ነገር ብቻ ከእሱ ያዢ፦ «እኔ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ፤ ምን ይሰማኝ ነበር አትበዪ። ስሜት በትእዛዝ አይመጣም፤ ድርጊት ግን በእጅሽ ነው።

ነገር ግን የውጭውን ከማንበብሽ በፊት የራሳችንን አንብቢ፤ በዚህ ጉዳይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወርር በተቃረበበት ጊዜ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ሲቋቋም፣ መድረኩ ሕዝብን ለአገሩ የሚያነሣሣ የንግግርና የዜማ ቦታ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት ደግሞ ሙዚቃም ተውኔትም በትልቅ አዳራሽ ቤት አገኙ። ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ፣ ደበበ እሸቱ በሃንጋሪ ተምረው ተመልሰው የመድረኩን ሥራ ከፍ አድርገዋል። አንቺ የምትገቢበት ትምህርት ክፍል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በምሥረታው ተሳትፈዋል፣ መንግሥቱ ለማም የተውኔት አጻጻፍ አስተምረውበታል። ያ ትውልድ ውጭ አገር ሄዶ የተማረውን አንቺ በገዛ ቋንቋሽ፣ በገዛ አገርሽ ልትማሪው ነው።

የመንግሥቱ ለማን ኮሜዲዎች ጮክ ብለሽ አንብቢ። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፤ እሳቸው ራሳቸው ደግሞ ለንደን ተምረዋል። በጠለፋ ጋብቻ ዙሪያ በጻፉት ተውኔት ውስጥ ሳቁ የሚመጣው ከቀልድ ንግግር ሳይሆን ሰዎቹ የሚፈልጉትና የሚያደርጉት ካለመጣጣሙ ነው። እያንዳንዷን ንግግር ስታነቢ «ይህች ሰው አሁን ከዚያኛው ምን ለማግኘት ነው የምትናገረው?» እያልሽ በኅዳጉ በእርሳስ ጻፊ። የጸጋዬን ስታነቢ ደግሞ ትንፋሽሽ ይፈተናል፤ ስንኙ ረጅምና ከባድ ስለሆነ የኋላ መድረክ ስለ ግሥ የነገሩሽ ሁሉ እዚያ ይታያል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበቡትን ፍቅር እስከ መቃብርንም አድምጪ፤ ታሪኩ የምታውቂው የጎጃም አካባቢ ነው፣ አንድ ድምፅ ብቻውን ባላባቱን፣ ቄሱንና ገበሬውን እንዴት እንደሚለያቸው ትሰሚያለሽ። ስታደምጪ ግን አታስመስዪ፤ የት እንደሚተነፍሱና የት ዝም እንደሚሉ ብቻ ምልክት አድርጊ።

ካሜራ ፊት

መምህር፣ ስለ ገጠር አነጋገር ያሉት እኛንም ይመለከታል። ለምልመላ ስንቀመጥ «የገጠር ሰው» የሚል ገፀ ባሕርይ ሲመጣ ሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት የተጋነነ ድምፅ ያወጣል፤ ከየት አካባቢ እንደ ሆነ እንኳ አይታወቅም። እኅታችን ተመርቃ ስትመጣ እንዲህ ያለውን የሚያርም ሰው እንፈልጋለን።

የደብረ ማርቆስ ልጅ

መምህር፣ የነገሩኝን ሁሉ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ለእናቴም አነበብኩላት፤ «እንግዲህ ሂጂ» አለችኝ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ዘፈን አልችልም። በኮሌጁ ውስጥ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር በአንድ ጥላ ሥር እንደምንሆን አውቃለሁ፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን መዝፈን የማይችል ተማሪ በመጀመሪያው የድምፅ ልምምድ ላይ ያፍራል?

አራተኛ ዓመት

አያፍርም እኅቴ። በድምፅ ልምምድ ላይ የሚጠየቀው ዜማ ማማር አይደለም፤ ከፍና ዝቅ ማለትን፣ ከሌሎች ጋር እኩል መጀመርንና እኩል ማቆምን ነው የምትለማመጂው። ከክፍላችን ጎበዝ ተዋንያን መካከል ዜማ የማይያዝላቸው አሉ። ይልቅ ጠዋት ጠዋት ከንፈርሽን እየነዘርሽ፣ አፍሽን ዘግተሽ በአፍንጫሽ እያጎረመረምሽ ድምፅሽን ማሞቅ ልመጂ፤ ሳይሞቅ የሚነሣ ድምፅ ቶሎ ይሰነጠቃል። በጉንፋን ጊዜ ደግሞ በሹክሹክታ ለማውራት አትሞክሪ፤ ዝም ማለት ይሻላል።

ጥሪ እንደ ወጣ በዚህ ክር ላይ እጽፍልሻለሁ። ከምዝገባ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ነባር ተማሪዎች ለአዲሶቹ አጭር ንባብ እናዘጋጃለን፤ የጎጃም እናት የምትናገርበት አንድ ገጽ አለኝ፣ አንብቢልን።

የኋላ መድረክ

ልጄ፣ ያን ቀን ንባቡ የሚደረግበትን ሰዓት እዚህ ጻፉልኝ። ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጬ እሰማለሁ።